ስለ አበባ መደብና ስለ ወደቀ ቅጠል

ወጣቶች ሆይ፤ ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት ስለ ጦርነትና ስለ ነገሥታት አይደለም። ስለ አንዲት ትንሽ ቦታ ነው፤ ይኸውም በቤታችን ደጃፍ አበባ ስለምንተክልባት መደብ ነው። ምናልባት ከእናንተ አንዳንዱ «የአበባ መደብ ደግሞ ምን ታሪክ አላት?» ይል ይሆናል። ነገር ግን የዋና ከተማችን ስም እንኳ አዲስ አበባ መሆኑን ማስታወስ ይገባል፤ ይህንም ስም በ1879 ዓ.ም. በፍል ውሃው አጠገብ ሲሰፍሩ ያወጡላት እቴጌ ጣይቱ ናቸው። እንግዲህ አበባን የምንወድ ሕዝብ ነን ማለት ነው። አበባን መውደድ ግን አንድ ነገር ነው፤ አበባዪቱ የምትበቅልበትን አፈር ማወቅ ሌላ ነገር ነው። የሰው ልጅ ይህን ሁለተኛውን ነገር ለመማር ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። እኔም በበኩሌ እስክማረው ድረስ አንድ ሕፃን በድዬበታለሁ። ስለዚህ ታሪኩን ከራሴ በደል እጀምራለሁ።

እኔ ያደግሁትና የተማርሁት በሚስዮን ትምህርት ቤት ነው። በዚያ የአበባው መደብ ሁሉ በኖራ በተቀቡ ድንጋዮች የተከበበ ነበረ። ጧት ጧት ደወል ሳይደወል በፊት እኛ ተማሪዎች መጥረጊያ ይዘን ወጥተን በመደቡ ላይ የወደቀውን ቅጠል አንድ ሳናስቀር ጠርገን እናቃጥል ነበር። አፈሩ እንደ ቤት ወለል ተጠርጎ ሲታይ መምህሮቻችን ደስ ይላቸው ነበር። ከዚህም የተነሣ በልቤ አንድ አሳብ ተተከለ፤ ይኸውም ንጹሕ መሬት ማለት ባዶ መሬት ማለት ነው የሚል ነበር። ይህን አሳብ ማንም በቃል አላስተማረኝም፤ በመጥረጊያ ነው የተማርሁት። በቃል ያልተማሩት ነገር ደግሞ ከልብ ለመንቀል አስቸጋሪ ነው።

በ1979 ዓ.ም. ገና ወጣት መምህር ሳለሁ በጉራጌ አገር በአንዲት ትንሽ ከተማ አስተምር ነበር። የእርሻ ትምህርት ለእኔ ስለ ተሰጠኝ ለስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች ለእያንዳንዱ አንድ አንድ የአበባ መደብ አካፈልኋቸው። ድንጋዩን በኖራ አስቀባሁ፤ መጥረጊያም አስያዝሁ። ከእነርሱ መካከል አንድ ዐሥራ ሁለት ዓመት የሚሆነው ዝምተኛ ልጅ ነበረ። አንድ ቀን ጧት ስዞር የእርሱ መደብ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ተሸፍኖ አገኘሁት። «ይህ ምን ዓይነት ቆሻሻ ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ልጁም «መምህር፥ እናቴ እንዲህ ነው የምታደርገው፤ አፈሩ እንዳይደርቅ ነው» አለኝ። እኔም «ይህ የእናትህ ጓሮ አይደለም፤ ትምህርት ቤት ነው» አልሁት። ጓደኞቹ ሣቁ። ቅጠሉንም በፊታቸው አንድ በአንድ አስለቅሜ አስቃጠልሁት፤ በዚያም ወር ከሁሉ ያነሰ ነጥብ ሰጠሁት። ልጁ አላለቀሰም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲያ በእኔ ክፍል እጁን አንሥቶ አያውቅም።

ከዚያ በኋላ ሦስት ዓመት ያህል ቆይቶ አንድ ያረጀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ በእጄ ገባ። የደራሲው ስም ቻርልስ ዳርዊን ይላል። በተማርሁበት ትምህርት ቤት ይህ ስም በበጎ አይነሣም ነበርና ልመልሰው ምንም አልቀረኝም። ይሁን እንጂ የመጽሐፉ ርእስ ስለ መሬት ትሎች የሚናገር ሆኖ ባየሁ ጊዜ «ስለ ትል ምን ያህል ይጻፋል?» ብዬ ገለጥሁት። አንብቤም ስጨርስ ያ ልጅ ትዝ አለኝ። እንግዲህ ከዚያ ወዲህ ያነበብሁትን ሁሉ በተራ ልንገራችሁ። የውጭውን አገር ታሪክ ስተርክ ዓመቱን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ልብ በሉ።

በእንግሊዝ አገር ጄትሮ ተል የሚባል አንድ ሰው ነበረ። የተወለደው በ1674 ሲሆን የሕግ ትምህርት ተምሮ ወደ እርሻ የተመለሰ ነው። ዘር በመስመር የሚዘራ መኪና በመሥራቱ ስሙ እስከ ዛሬ ይነሣል፤ ይህም ለዓለም ያበረከተው ትልቅ ሥራ ነው። ነገር ግን ይህ ብልኅ ሰው አንድ ስሕተት ነበረበት። በ1733 ባሳተመው መጽሐፉ ተክል የሚመገበው የአፈሩን ደቃቅ ቅንጣት ራሱን ነው ብሎ አስተማረ። ስለዚህ አፈሩን ደጋግሞ መኮትኮትና ማድቀቅ ይበቃል፤ ፍግም አያስፈልግም ወደ ማለት ደረሰ። መኮትኮት አረምን ስለሚያጠፋ ሰብሉ በእውነት ይሻሻል ነበር። ሰውየውም ውጤቱን አይቶ ምክንያቱን ሳተ። ወጣቶች ሆይ፤ ይህን ዓይነቱን ስሕተት በሕይወታችሁ ብዙ ጊዜ ታገኙታላችሁ። ሥራው ሲሳካ ምክንያቱን ያወቅነው ይመስለናል።

ከእርሱ በኋላ በሴልቦርን መንደር ጊልበርት ዋይት የሚባል ቄስ ተነሣ። ይህ ቄስ በ1720 ተወልዶ በ1793 ዓረፈ። ከ1751 ጀምሮ በአትክልት ቦታው የሠራውን ሁሉ፥ የዘራበትን ቀን፥ ያፈሰሰውን ፍግ፥ የበቀለውንና የደረቀውን በመዝገብ ይጽፍ ነበር። ትልቅ ሹመት አልነበረውም፤ ከመንደሩም እምብዛም አይርቅም ነበር። ነገር ግን ዓይኑ ንቁ ስለ ሆነ ሌሎች የናቁትን አየ። በ1777 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ስለ መሬት ትል እንዲህ ያለ አሳብ ገለጸ። ትል በተፈጥሮ ሰንሰለት ውስጥ ታናሽና የተናቀች ብትመስልም እርስዋ ብትጠፋ ጉድለቱ እጅግ ከባድ ይሆናል፤ አፈሩን እየበሳች ለዝናብና ለሥር መንገድ ትከፍታለች፤ ገለባውንና ቅጠሉን ወደ ውስጥ ትስባለች፤ ከሆድዋ የሚወጣውም አፈር ለሰብል ማዳበሪያ ነው አለ። አትክልተኞች ግን ትልን የሚጠሉ መሆናቸውን ጨምሮ ጻፈ። ምክንያቱም መተላለፊያ መንገዳቸውን ስለምታበላሽባቸው ነው። ይህን ባነበብሁ ጊዜ መጥረጊያዬና በኖራ የተቀባው ድንጋዬ በዓይኔ ላይ መጣብኝ።

የጊልበርት ዋይትን አሳብ በሥራ የመረመረው ዳርዊን ነው። ዳርዊን በመርከብ ዓለምን ዞሮ በ1836 ወደ አገሩ ተመለሰ። በሚመጣው ዓመት አጎቱን ጆሳያ ዌጅዉድን ሊጠይቅ በሄደ ጊዜ አጎቱ አንድ ነገር አሳየው። ከብዙ ዓመት በፊት በመስኩ ላይ የተበተነው ኖራና የከሰል አመድ ከሣሩ ሥር ጠልቆ ይገኝ ነበር። «ይህን ያደረጉት ትሎች ሳይሆኑ አይቀሩም» አለው። ዳርዊንም ይህን አሳብ ይዞ በዚያው በ1837 በሎንዶን በመሬት ምርመራ ማኅበር ፊት ንግግር አደረገ። ነገሩ ግን በአንድ ንግግር አላለቀም። በ1842 ወደ ዳውን መንደር በገባ ጊዜ በታኅሣሥ ወር በቤቱ አጠገብ ባለ መስክ ላይ የተሰባበረ ነጭ ጠመኔ አስበተነ። ከዚያም ጠበቀ። ስንት ዓመት እንደ ጠበቀ ታውቃላችሁን? 29 ዓመት ጠበቀ። በ1871 በኅዳር መጨረሻ መስኩን ቦይ አስቆፍሮ ቢያይ ጠመኔው 18 ሴንቲ ሜትር ያህል ከመሬት በታች እንደ ነጭ መስመር ተዘርግቶ ተገኘ። ከላዩ ያለውን ያን ሁሉ አፈር ትሎች ከታች እያወጡ የደረቡት ነበር።

ይህ ብቻ አይደለም። በሸክላ ማሰሮ አፈር ሞልቶ ትሎችን በቤቱ ውስጥ አኖራቸው። ይሰሙ እንደ ሆነ ለማወቅ ልጁ ትልቅ የእንጨት መለከት እየነፋ፥ ባለቤቱ ፒያኖ እየመታች ፈተናቸው፤ ትሎቹ ምንም አልተነቃነቁም። ማሰሮው በፒያኖው ላይ ሲቀመጥ ግን ንዝረቱ ተሰምቷቸው ወደ ጉድጓዳቸው ሸሹ። ቅጠሉን በየት በኩል ይዘው ወደ ጉድጓዳቸው እንደሚስቡ ለማወቅም ወረቀት በሦስት ማዕዘን እየቈረጠ ሰጣቸው። ትሎቹ ብዙውን ጊዜ ለመሳብ በሚቀለው በሾጣጣው ጫፍ ይዘው ሲስቡ አየ። መጽሐፉን በ1881 አሳተመ። በዚያም አንድ የጀርመን ሊቅ ቈጥሮ የደረሰበትን ጠቅሶ በአንድ ኤከር የአትክልት ቦታ፥ ማለት በ4,000 ካሬ ሜትር ያህል ውስጥ፥ 53,767 ትሎች እንደሚኖሩ ጻፈ። በብዙው የእንግሊዝ አገር ክፍልም በየዓመቱ በአንድ ኤከር ከዐሥር ቶን በላይ ደረቅ አፈር በትሎች ሆድ ውስጥ እንደሚያልፍ አስረዳ። በሚመጣው ዓመት በሚያዝያ ወር በ73 ዓመቱ ሞተ። ዓለምን የዞረው ሰው የመጨረሻ መጽሐፉን ስለ ትል መጻፉ ያስደንቃል።

አንድ ሰው በ1869 በዳርዊን ላይ ተቃውሞ ጽፎ ነበር። ትል ደካማና ታናሽ ስለ ሆነች ይህን የሚያህል ሥራ ልትሠራ አትችልም የሚል ነው። የዳርዊን መልስ በአጭር ቃል ሲነገር እንዲህ ነው፤ ትንሽ ነገር ሳያቋርጥ ሲደጋገም የሚያመጣውን ውጤት መደመር ስለማንችል ታላቁን ነገር እንክዳለን። የእኛ አባቶች ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚሉት ይህንኑ አይደለምን?

እንግዲህ ይህ ሁሉ ከተጻፈ በኋላ የአበባ መደብ ሁሉ ቅጠል የለበሰ ይመስላችሁ ይሆናል። አልሆነም። በዚያው ዘመን በእንግሊዝ አገር ሌላ ልማድ ነግሦ ነበር። በ1845 በመስተዋት ላይ የነበረው ቀረጥ ስለ ቀረ ባለጸጎች የመስተዋት ቤት እየሠሩ ከደቡብ አፍሪካ የመጣውን ጄራንየም፥ ከሌላውም ሞቃት አገር የመጣውን አበባ በብዙ ሺህ ያፈሉ ጀመር። በበጋ አውጥተው በመደቡ ላይ እንደ ምንጣፍ በቀለም በቀለሙ ይደረድሩታል፤ ብርዱ ሲመጣ ነቅለው ይጥሉታል፤ መሬቱም እስከሚመጣው ወራት ባዶውን ይከርማል። ይህ ለዓይን ያማረ፥ ለመሬት ግን የማይጠቅም ልማድ ነበረ።

ይህን ልማድ አጥብቆ የተቃወመ ዊልያም ሮቢንሰን የሚባል አየርላንዳዊ ነው። በ1838 ተወልዶ ሥራውን በአትክልተኝነት የጀመረ፥ በኋላም ብዙ መጻሕፍት የጻፈ ሰው ነው። በ1870 ስለ ዱር አበባ አትክልት፥ በ1883 ስለ እንግሊዝ የአበባ አትክልት መጽሐፍ አሳተመ። ትምህርቱም በአጭሩ፥ ዘላቂ የሆኑትን አበቦች ትከሉ፤ አንዱ ተክል በሌላው ሥር ይደግ፤ መሬቱም ባዶውን አይታይ የሚል ነው። ወዳጁ ገርትሩድ ጂክልም ሠዓሊ ነበረች። የዓይንዋ ብርሃን እየደከመ ሲሄድ የሥዕሉን ቀለም በአበባ መደብ ላይ አመጣችው፤ 400 ያህልም አትክልት ቦታ ነደፈች። ዓይኔ ደከመ ብላ ብትቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልኖረም ነበር።

አሁን ደግሞ ባዶ መሬት ምን ያህል ቅጣት እንደሚያመጣ ተመልከቱ። በአሜሪካ ሰፊ ሜዳዎች ላይ ለብዙ ዘመን መሬቱን የያዘው ሣር ነበረ። ገበሬዎች ያን ሣር ገልብጠው ስንዴ ዘሩበት። በ1930ዎቹ ዓመታት ድርቅ በመጣ ጊዜ መሬቱ ልብስ አልነበረውምና ነፋስ አፈሩን አነሣው። በ1935 ሚያዝያ 14 ቀን እሑድ የተነሣው የአቧራ ማዕበል ቀኑን ጨለማ ስላደረገው ሰዎች ጥቁር እሑድ ብለውታል። በዚያው ወር የአሜሪካ መንግሥት አፈርን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት በሕግ አቋቋመ። በመቶ ሺህ የሚቈጠር ሰው ግን አገሩን ትቶ ተሰድዶ ነበር።

ከዚህ መከራ በኋላ ኤድዋርድ ፎክነር የሚባል የእርሻ ባለሙያ በ1943 የማረሻን ስሕተት የሚገልጽ መጽሐፍ አወጣ። ምርመራውን የጀመረው በትልቅ እርሻ ላይ ሳይሆን በኦሃዮ ግዛት በቤቱ ጓሮ ነበር። ገለባንና ቅጠልን ከላይ መተው እንጂ ጠልቆ መቅበር እንደማይገባ ተከራከረ። ደግሞም ሩት ስታውት የምትባል በ1884 የተወለደች ሴት በኮኔቲከት ግዛት አትክልት ትተክል ነበር። በየዓመቱ ጸደይ ሲመጣ የሚያርስላትን ሰው መጠበቅ ስላሰለቻት በ1944 ሳታሳርስ ተከለች፤ መሬቱንም በደረቅ ሣር ሸፈነችው። ሣሩ አረሙን አፈነው፤ እርጥበቱንም ያዘው። በ1955 ጀርባ ሳይጎብጥ አትክልት ስለማብቀል መጽሐፍ ጻፈች፤ 96 ዓመት ኖራ በ1980 ዓረፈች። የሩት ስታውት ሥራ በጋዜጣና በመጽሐፍ ተነገረ። የዚያ ልጅ እናት ግን ይህንኑ ሥራ የሠራችው መጽሐፍ ሳይጻፍላት ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። በጉራጌ፥ በሲዳማና በጌዴኦ አገር እንሰት የሚተከለው በቤት አጠገብ ነው። ፍጉን ከከብቱ ቤት እያወጡ የሚያቀርቡለት በብዛት ሴቶች ናቸው። የደረቀው ቅጠል ከሥሩ ይረግፋል፤ በዚያው መሬቱን ያለብሰዋል። በጌዴኦ ተራራ ላይ ትልልቅ ዛፍ ከላይ፥ ቡና በመካከል፥ እንሰትም ከእርሱ ጋር አብረው ይኖራሉ፤ ከሥራቸው ያለው አፈር ቅጠል እንደ ለበሰ ነው። ይህ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የኮንሶ ሕዝብ ደግሞ ቍልቍለቱን በድንጋይ እርከን እየደረደረ፥ የማሽላውን አገዳ በማሳው ላይ እየተወ አፈሩን ጠብቆ ኖሯል። የእርሱም ምድር በ2011 በዚሁ መዝገብ ገብቷል። እንግዲህ የዓለም ሊቃውንት ያከበሩትን ጥበብ እኔ በትምህርት ቤት ግቢ ቆሻሻ ብዬ አቃጥያለሁ። ተምሬ ነበር፤ ነገር ግን ከማን መማር እንደሚገባኝ አልተማርሁም ነበር።

ጉዝጓዝ የሚለውን ቃል አስቡት። እንግዳ ሲመጣ፥ በዓልም ሲሆን በቤታችን ወለል ላይ ቄጤማ እንጎዘጕዛለን። ይህን ቃል የእርሻ ባለሙያዎች በተክል ሥር ለሚነጠፈው ሣርና ቅጠልም ይናገሩበታል። ለእንግዳ የሚደረገው ክብር ለመሬትም ሲደረግ ምንኛ የተገባ ነው!

ታሪክ ያለ ሥራ ፍሬ የለውምና አሁን ሥራውን ልንገራችሁ። የመደቡ ወርድ ከ120 ሴንቲ ሜትር አይብለጥ፤ ርዝመቱ እንደ ቦታችሁ ይሁን። በግራም በቀኝም ቆማችሁ እጃችሁ መካከሉን ሊደርስ ይገባል። የተረገጠ አፈር ይጠጥራልና መደቡን በእግር አትርገጡ። በግንቦት አፈሩን በዶማ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ቈፍሩ፤ ድንጋዩንና የአረሙን ሥር ልቀሙ። አፈራችሁ ጥቁር መረሬ ከሆነ ክረምት ውሃ ስለሚያቁር መደቡን ከመተላለፊያው 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጉት፤ ዙሪያውንም ውሃ መውረጃ አብጁ። ቀይ አፈር ከሆነ ውሃው በቀላሉ ስለሚሰርግ ይህን ያህል ከፍታ አያሻውም። ከዚያም የበሰበሰ ፍግ ከአፈሩ ጋር ቀላቅሉ። ያልበሰበሰ እበት ሥር ያቃጥላልና ትኩሱን አትጨምሩ።

በሰኔ ዝናቡ ሲደላደል ችግኙን ትከሉ። ጊዜው ወደ ማታ ወይም ደመና ያለበት ቀን ቢሆን መልካም ነው፤ የቀትር ፀሐይ አዲሱን ችግኝ ያጠወልገዋል። በመደብ ማፍያው በነበረበት ጥልቀት ልክ ትከሉት፤ አፈሩን በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑት፤ ወዲያውም አጠጡት። ከሜክሲኮ ተራሮች ወደ ዓለም የወጣው ዳልያ በእኛ ደጋ አገር ይስማማዋል፤ ድንች የመሰለውን ሥሩን 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ቅበሩት። ጽጌ ረዳም ትከሉ፤ ቀጋ የምንለው የአገራችን የዱር ጽጌ ረዳም የእርስዋ ወገን መሆኑን አትርሱ።

ችግኙ አንድ ስንዝር ያህል ሲያድግ አረሙን ነቅላችሁ ጉዝጓዙን አንጥፉ። የጤፍ ጭድ፥ ገለባ፥ ዘር ያላፈራ ደረቅ ሣር፥ ወይም የረገፈ ቅጠል ይሆናል። ዘር ያፈራ ሣር ካነጠፋችሁ ግን አረም በእጃችሁ ዘራችሁ ማለት ነው። የባሕር ዛፍ ትኩስ ቅጠል ለጋውን ችግኝ ስለሚጐዳ ተዉት። ጉዝጓዙ በኃይለኛው ክረምት ስስ ይሁን፤ ምክንያቱም ወፍራም ከሆነ በረጠበ ጊዜ ቀንድ አውጣ ይሰበሰብበታል። ዝናቡ ሊወጣ ሲል፥ አፈሩ ገና ርጥብ ሳለ፥ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ አወፍሩት። ደረቅ አፈር ከተሸፈነ በኋላ ትንሽ ዝናብ አይደርሰውምና አስቀድማችሁ አጠጡ። ከግንዱ ዙሪያ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተዉለት፤ ካልሆነ ግንዱ ይበሰብሳል። እንዲህ ካደረጋችሁ የዝናቡ ጠብታ አፈሩን ደብድቦ አያጠጥረውም፤ ፀሐይም እርጥበቱን ፈጥና አትወስደውም፤ አረሙም ብርሃን አጥቶ ይደክማል። ቅጠሉ ሲበሰብስ ትሎች ወደ ታች ይስቡታል፤ የሚመጣው ዓመት አበባም ከእርሱ ይበላል።

አሁን የጀመርሁትን ነገር ልፈጽም። ያን መጽሐፍ ካነበብሁ በኋላ ልጁን ፈለግሁት። ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ወደ ሌላ ከተማ ወደ አጎቱ ዘንድ ሄዷል አሉኝ። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ቀን ወደ እናቱ ቤት ሄድሁ። የልጃቸው መምህር መሆኔን በነገርኋቸው ጊዜ እጅግ ተደሰቱ፤ ቡናም አፈሉልኝ። ልጁ ያደረግሁበትን ነገር ጨርሶ ለእናቱ አልነገራቸውም ነበር። ጓሮአቸው በመምህሩ አፍ መናቁን እንዳይሰሙ ብሎ ምስጢሩን ብቻውን ተሸክሞት ኖሯል። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ቡናው አልዋጥልህ አለኝ። ከዚያ ወደ እንሰቱ ቦታ ወሰዱኝ። የደረቀውን ቅጠል በእጃቸው ገለጥ አድርገው ጥቁሩንና ለስላሳውን አፈር፥ በውስጡም የሚንቀሳቀሱትን ትሎች አሳዩኝ። «እነዚህ ናቸው ሥራውን የሚሠሩልኝ» አሉ። ዳርዊን በ29 ዓመት የመረመረውን እርሳቸው በአንድ ቃል ነገሩኝ።

እኔም የሠራሁትን ሁሉ ሳልደብቅ ነገርኋቸው። እርሳቸውም ጥቂት ዝም ብለው ቅጠሉን መልሰው እያለበሱ «እርሱ ልጅ ነው፥ ይረሳው ይሆናል። እርስዎ ግን አይርሱት፥ መምህር» አሉኝ። ለልጁ በአጎቱ በኩል የይቅርታ ደብዳቤ ላክሁለት፤ መልስ አልመጣም። መልስ መጠየቅ የሚገባኝም እኔ አይደለሁም። በሚመጣው ሰኞ ግን ተማሪዎቼን በመደቡ ዙሪያ ሰብስቤ የቀድሞ ትእዛዜ ስሕተት እንደ ነበረ፥ እውነተኛውንም ያስተማረኝ ተማሪዬ እንደ ሆነ በስሙ ጠርቼ ነገርኋቸው። መጥረጊያውን ለመተላለፊያው መንገድ ብቻ ተውነው። በዚያ ዓመት በበጋ መደቦቻችን አልተሰነጣጠቁም።

ወጣቶች ሆይ፤ እናንተ ከእኛ ይልቅ ብዙ ትማራላችሁ፤ ብዙም መጻሕፍት ታነባላችሁ። ትምህርታችሁ እንደ መጥረጊያ ሆኖ በቤታችሁ ያገኛችሁትን ሁሉ ጠርጎ የሚያቃጥል አይሁን። እናታችሁ የምትሠራውን ሥራ ከመናቃችሁ በፊት ምክንያቱን ጠይቁ፤ ምክንያቱን በቃል መግለጽ ባትችል እንኳ አፈሩን ገልጣችሁ ተመልከቱ። ከቤቷ የወጣውን ጥበብ መጽሐፍ አንድ ቀን ያረጋግጠው ይሆናል፤ መጽሐፉ የተሳሳተ ሲሆን ደግሞ እጅዋ ያርመው ይሆናል። እኔ አሁን ጡረታ ወጥቼ በደጃፌ ሦስት መደብ አበባ አለኝ። ጧት ስወጣ የወደቀውን ቅጠል አያለሁ፤ አልጠርገውም። በወደቀበት ይቀመጥ እላለሁ፤ ያንም ልጅ አስታውሰዋለሁ።